ያልተሸፈነው ከበሮ

ቶዋኦ ወደብ፤ የውሻው ዓመት፣ ዘጠነኛው ጨረቃ፣ 8ኛ ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለዩ ሆክጻይ፤ ኮቤ።

አምላካችን ማዙ እናታችን ባሕሩን ስትጠብቅ የእርስዎንም ጉልበት አብራ ትጠብቅልዎ። ባለቤትዎ ሃሩኤ እንዴት ናት? የኑድል ቤታችሁስ ገበያ አለው? እኛ ደህና ነን። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ሰፋብን እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም። ወንድሜ ቢንኮክ ከዓሣ ጀልባ ወርዶ በረዶ ፋብሪካ ገብቷል። እኔም እንደ ድሮው ገበያ ውስጥ የዓሣ ድቡልቡል እየቀቀልኩ እሸጣለሁ፤ ወረቀቱ ዓሣ ዓሣ ቢሸትዎ አይፍረዱብኝ።

የምጽፍልዎ ስለ ሙዚቃ ማኅበራችን ነው። አባቴ የሐሴት ማኅበርን አዳራሽ ቁልፍ ለእኔ ትቶ እንደሞተ ሰምተዋል። ሽማግሌዎቹ «ሴት ልጅ ከበሮ ቤት ምን ትሠራለች?» ብለው አኩርፈው ከረሙ። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ግን ኩርፊያቸውን ጥለው «ሶግዋት፣ ኧረ በአባትሽ አንድ ነገር አድርጊ!» እያሉ መጡ። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ጠራሁ። ሰባት ሰው መጣ፤ ከሰባቱ አንዱ ድግስ መስሎት የመጣ ነው። ጡሩምባ ነፊያችን አዲስ ጥርስ አስተክሎ ነበር፤ አንዴ ሲነፋ ጥርሱ ከጡሩምባው ጋር አብሮ ወጣ። ሳቅን። ከዚያ ባዶዎቹን ወንበሮች ቆጠርን።

የመቅደሱ አለቃ ቁርጡን ነግሮናል። በመጪው የማዙ በዓል ሙሉ ሰልፍ ያላወጣ ማኅበር ከሰልፉ ይሰረዛል፤ በምትኩ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ይገባል። አዳራሻችንንም በረዶ ፋብሪካው ለመጋዘን ይፈልገዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የከበሮው ነገር ነው። የእኛ ከበሮ መቺ ባለፈው ብርድ እንደሞተ ያውቃሉ። የእናታችንን ምስል ከመቅደሷ ደፍ የሚያወጣውን ረጅሙን የመውጫ ምት የሚያውቅ ከእኛ ወገን እዚህ አንድም ሰው አልቀረም።

ሽማግሌዎቹ ግድግዳው ላይ ያለውን የገጀራ ምልክት እያሳዩኝ «ያን ጊዜ ነበር ማኅበር! ከተቀናቃኛችን ከብርሃን አዳራሽ ማኅበር ጋር ስንፋለም ጊዜ!» ይላሉ። ከኮኮናት ቅርፊት ማሲንቆና ከእባብ ቆዳ ማሲንቆ የትኛው ይበልጣል ተብሎ የስንት ሰው ጥርስ እንደረገፈ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። እኔስ ደም ያጠብኩበት ባልዲ ነው ትዝ የሚለኝ።

የማሲንቆው ክሮች ተበጣጥሰዋል። እዚያ ጥሩ ክር ካለ ይላኩልኝ። ሌላ የምጠይቅዎ የለም።

የወንድምዎ ልጅ፣ ሶግዋት


ኮቤ፤ አሥረኛው ጨረቃ፣ 2ኛ ቀን

ይድረስ ለልጄ ለሶግዋት።

ዕድሜሽ እንደ ወደቡ ድንጋይ ይርጋ፤ ድስትሽ አይጉደል፤ ጠላትሽ እግሩ ይሰበር። እኛ ደህና ነን። ሃሩኤ ሰላም ብላሻለች። ክሩን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ከሐር የተፈተለ ነው፤ ያ ጥርሱ የወለቀ ጡሩምባ ነፊ እንዳይነካው።

ሰባት ሰው! ደብዳቤሽን ሳነብ ኑድሉ እሳት ላይ አረረብኝ። በእኛ ጊዜ ለበዓሉ ስንወጣ የሰልፉ ራስ ድልድዩን ሲሻገር ጅራቱ ገና አዳራሹ ውስጥ ጫማውን ይፈልግ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለምን ይመስልሻል የሚመጣው? ለሙዚቃ? ሙዚቃ እንዳይመስልሽ! ግማሹ ጆሮው ምንም የማይሰማ ነበር። ብርሃን አዳራሽ ስለነበረ ነው የሚመጣው። ሰው ከማን ጋር እንደሚጣላ ሲያውቅ ከማን ጋር እንደሚቆምም ያውቃል።

የዛሬ ሃያ ዓመቱን፣ የነብሩን ዓመት ታስታውሻለሽ፤ ፊቴን ያጠብሽው አንቺ ነሽ። ድልድዩ ላይ ሁለቱ ሰልፎች ፊት ለፊት ተገናኙ። አናሳልፍም አልን። ከበሮውን የማቆም ወገን ተሸናፊ ነውና እኔ እመታለሁ፣ የእነሱ ከበሮ መቺ ኪምሱዊ ይመታል፤ እመታለሁ፣ ይመታል። ከዚያ ገጀራ ወጣ። አንዱን የእነሱን ሰው በከበሮ መምቻዬ አገጩን ስመታው ጥርሱ እንደ ሩዝ ተበተነ። ኪምሱዊ ጎንጉን፣ የነሐሱን ደወል የሚመቱበትን መዶሻ አንስቶ መጣና ግራ ዓይኔን አፈሰሰው። አንድ ምት እንኳ አላቋረጥኩም! ደሙ ከበሮው ላይ እየተንጠባጠበ መታሁ። ያን ቀን ያሸነፍነው እኛ ነን። በማግስቱ ስንት ሰው አባል ልሁን ብሎ እንደመጣ አባትሽን በጠየቅሽው ነበር።

አባል ትፈልጊያለሽ? የሚጠሉት ስጪያቸው። ቢንኮክ ጥሩ ክንድ አለው ይሉኛል። የበረዶ ፋብሪካውን ልጆች ይሰብስብ። የሚያስፈልግሽን ጻፊልኝ።

አጎትሽ፣ ሆክጻይ


ቶዋኦ ወደብ፤ አሥራ አንደኛው ጨረቃ፣ 11ኛ ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ።

ማዙ እናታችን ብርዱን ታቅልልዎ። ክሩ ደርሷል፤ ማሲንቆው አሁን ይናገራል። ቢንኮክ አሥራ ሁለት ልጆች ከበረዶ ፋብሪካ አምጥቷል። ስለ ጠላት የጻፉትን ሲነግራቸው አጨበጨቡ። ማታ ማታ ድቡልቡል አበላቸዋለሁ፤ ይበላሉ፣ ይሳደባሉ፣ ጎንጉን ይደበድባሉ። የሚያውቁት ምት አንድ ብቻ ነው፤ ያው የበረዶ ብሎክ ሲወርድ የሚያሰማው ዓይነት ነው። ቢሆንም አዳራሹ ውስጥ የወጣት ላብ ሸተተ፤ ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ፀጉራቸውን መቀባት ጀምረዋል።

ግን አንድ ነገር መጥቷል፤ ያለ እርስዎ ቃል የምወስነው አይደለም።

ከትናንት ወዲያ ሽማግሌው ኪምሱዊ ገበያ መጣ። ሃያ ዓመት በእኛ በኩል አልፎ አያውቅም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና «አንድ ሳህን» አለኝ። ቀዳሁለት። ቀምሶ «አባትሽ ከዚህ የተሻለ ነበር የሚያድበለብለው» አለ።

«አባቴን ሊያሙ ከሆነ የመጡት ሳህኑን ይመልሱ» አልኩት።

ሳቀ። «ከበሮ መቺያችሁ ሞተ አሉ።»

«አዎ፤ ሞተ።»

«እንግዲህ እዚህ ወደብ የመውጫውን ምት የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ ማለት ነው። እኔም ዛሬ ነገ ነኝ። የእኔ ልጅ ቲያንሎክ ከጭነት መኪናው ጡሩምባ ሌላ የሚሰማ ጆሮ የለውም፤ ብርሃን አዳራሽም ባዶውን ነው። አንድ ልጅ ስጪኝ፣ ላስተምረው። የእናንተ ይሁን የእኛ ግድ የለኝም። እናታችን በድምፅ ማጉያ ስትወጣ አይቼ መሞት አልፈልግም።»

ሂሳቡን አስቀምጦ ሄደ። ያን እጅ አየሁት፣ አጎቴ፤ ሳህኑን ሲያነሳ በጣቱ ጫፍ ምት እየመታ ነበር። እንደምጠላው ያውቃሉ። ግን ምቱን ማወቅ እፈልጋለሁ። ቢንኮክን ልልከው አስቤአለሁ። ሽማግሌዎቹ «ዓይኑ የጠፋው ሰው ካልፈቀደ አይሆንም» አሉ። አሁን ክር አልጠይቅዎትም፤ ቃልዎን ነው የምጠይቅዎ።

ሶግዋት


ኮቤ፤ አሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ 5ኛ ቀን

ለሶግዋትና ለቢንኮክ፤ ሁለታችሁም አንብቡት።

ያ እጅ! ግራ ዓይኔን ያወጣ እጅ የወንድሜን ልጅ እጅ ይዞ ሊያስተምር? ሶግዋት፣ ድቡልቡል ቀቅለሽ አበላሽው! በዚያ ሳህን ፊቱን አትመቺውም ነበር?

አልፈቅድም። ብሞትም አልፈቅድም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባታችሁ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በአዲስ ዓመት ለዙረት ሲወጣ ብርሃን አዳራሽ ደጃፍ ሲደርስ ከበሮውን በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ሰው ልኮ አስፈቅዶ፣ እንደ ሌባ በዝምታ ሲያልፍ ኖረ። እነሱም በእኛ ደጃፍ እንዲሁ ያደርጋሉ አለኝ። ያደርጉ! ማኅበሩ የሞተው ያኔ ነው። በጨርቅ ተሸፍኖ ነው የሞተው።

ቢንኮክ፣ አንተ የዩ ቤት ልጅ ከሆንክ በአንደኛው ጨረቃ በአሥራ አምስተኛው ቀን ስትወጡ ከበሮውን እንዳትሸፍን። ደጃፋቸው ቁም። ጆሯቸው እስኪደማ ምታ። ልጆችህ ያን ቀን ማኅበር ምን እንደሆነ ያውቃሉ። ከዚያ አባል ይጎርፍላችኋል፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

ሆክጻይ


ቶዋኦ ወደብ፤ የአሳማው ዓመት፣ አንደኛው ጨረቃ፣ 16ኛ ቀን

አጎቴ፣

የአዲስ ዓመት ምርቃቱን ሁሉ እንደተባለ ይቁጠሩልኝ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ቢንኮክ በሕይወት አለ። ይህን አስቀድሜ ልንገርዎ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ወጣን። ደብዳቤዎን ቢንኮክ ወንበር ላይ ቆሞ ለልጆቹ አንብቦላቸው ነበር። እኔ ቀዩን ጨርቅ ጉያዬ ውስጥ ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ማጠፊያው ላይ ስንደርስ ሮጬ ሄድኩና «በል፣ እንካ ጨርቁን» አልኩት።

«አጎታችን ምን አለ?» አለኝ።

«አጎታችን ኮቤ ነው!»

ልጆቹ «አትሸፍን! አትሸፍን!» ብለው ጮኹ። ያችኑ አንድ ምታቸውን እየደበደቡ ሄደው ብርሃን አዳራሽ ደጃፍ ቆሙ።

መጀመሪያ የወጣው ሽማግሌው ኪምሱዊ ነው። በነጠላ ጫማ ነው የወጣው፤ ሩዝ እየበላ ነበር መሰለኝ ጉንጩ ሙሉ ነው። ምንም አልያዘም። ቀጥ ብሎ መጣና ሁለት እጁን ከበሮው ቆዳ ላይ ዘርግቶ አስተኛ፤ ድምፁን ለማፈን። «ልጆች፣ ሸፍኑትና እለፉ። ልጄ ውስጥ ነው፤ እሱ ሳይወጣ ሸፍኑት» አለ። እኔ ሰምቼዋለሁ። ቢንኮክም ሰምቶታል። ቢንኮክ የበረዶ መጎተቻ መንጠቆ ይዞ ነበር።

በመንጠቆው ከበሮውን መታው። የሽማግሌው እጅ እዚያው ነበር።

ቆዳው ተቀደደ፤ እጁም አብሮ ገባ። አጥንቱ ሲሰበር እርጥብ እንጨት የሚሰበር ነው የሚመስለው። ሽማግሌው የጎረሰውን ሩዝ ከበሮው ላይ ተፋና ቁጭ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ብዬ ልጻፍልዎ? ቲያንሎክ የመኪና ማስነሻ ማንቪላ ይዞ ወጣ። ከእኛ ልጆች የአንዱን መንጋጋ አንዴ መታው፤ መንጋጋው ወደ ጎን ሄዶ ቀረ። ርችት እያቀጣጠሉ ፊት ላይ ይወረውራሉ። የእኛ ጡሩምባ ነፊ በራሱ ጡሩምባ ተደብድቦ ወደቀ። የአንድ ሰው ጆሮ መንገድ ላይ አየሁ፤ የማን እንደሆነ እስካሁን አላወቅንም። ቢንኮክን ሦስት ሆነው አጋድመው፣ ቲያንሎክ ማንቪላውን ራሱ ላይ ሲያነሳ፣ ከሾርባ ሻጩ ጋሪ ላይ የፈላውን ድስት አንስቼ ደፋሁባቸው። እኔ ነኝ የደፋሁት። አንደኛው ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፤ ደረቱ ተልጦ ቆዳው ከሸሚዙ ጋር ወረደ። ሲጮህ «እማዬ» ነው ያለው። ቢንኮክን በፀጉሩ ጎትቼ አወጣሁት።

አሸንፋችኋል ወይ ብለው ይጠይቁኛል፤ አውቅዎታለሁ። ከበሮው ተቀዷል።

ለቃጠሎ የሚሆን ጥሩ ቅባት ኮቤ አለ ይላሉ። ይላኩልኝ። ለዚያ ልጅ ነው።

ሶግዋት


ኮቤ፤ ሁለተኛው ጨረቃ፣ 1ኛ ቀን

ይድረስ ለሶግዋት።

ቅባቱን ልኬያለሁ። በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ ነው የሚቀባው። ለራሳችን ሰዎች ቢሆን ደስ ባለኝ። ለአዲስ ከበሮ ቆዳ የሚሆን ገንዘብም አብሮ አለ፤ የጎሽ ቆዳ ይሁን፣ የላም እንዳትገዙ፤ የላም ቆዳ በእርጥብ አየር ይላሽቃል። መወጠሪያው ገመድ የሄምፕ ቃጫ ይሁን። ቢንኮክን ክንድህ ይባረክ በይልኝ። ያ ጡሩምባ ነፊ እንዴት ሆነ? የማይሞት ሰው ነው፤ በነብሩም ዓመት ከድልድይ ጥለውት ዓሣ ይዞ ነው የወጣው።

እዚህ ዝናብ ነው። ገበያ ቀዝቅዟል። ሃሩኤ ሰላም ብላሻለች።

ሆክጻይ

የተሰበረው የትኛው እጁ ነው?


ቶዋኦ ወደብ፤ ሁለተኛው ጨረቃ፣ 12ኛ ቀን

አጎቴ፣

ቀኝ እጁ ነው። ሁለት ጣቱ ተቆርጧል፤ የቀሩት አይታጠፉም።

ቅባቱን ለልጁ ሰጥቼዋለሁ። ገንዘቡን መልሼ ልኬዋለሁ። ቆዳ ቢገዛ የሚመታው የለም።

ጠላት ስጪያቸው ብለውኝ ነበር። አሥራ ሁለት ልጅ መጣልን፤ አሁን ሁለት ቀርተዋል። ሽማግሌዎቹም ከቤታቸው አይወጡም። በሦስተኛው ቀን ቲያንሎክ ሰዎቹን ይዞ ገበያ ገባ። ድስቶቼን ሰባበሩ፤ ዓሣውን በጫማ ረገጡት። ሁለት ሰው ይዘውኝ ቀኝ እጄን መክተፊያው ላይ አስተኙት። ቲያንሎክ የራሴን ቢላዋ አነሳ። ሥጋ ሻጩ፣ ጎመን ሻጩ፣ ያ ሁሉ ጎረቤት ቆሞ ያያል። ቢላዋውን ሰነዘረው። ከአውራ ጣቴ ጎን እንጨቱ ውስጥ ተሰካ።

«ያንቺን አልፈልግም» አለኝ። «የወንድምሽን ነው። ቀኝ እጁን ይዞ ይምጣ፤ አለዚያ ባለበት ሄጄ እወስደዋለሁ፤ ያኔ እጁን ብቻ አልወስድም።»

ያደርገዋል። ዓይኑን አይቻለሁ። ቢንኮክን ጀልባ ላይ ደብቄዋለሁ።

ለይቅርታ እንደ ደንቡ የሚታኘከውን ቅጠል፣ ሲጋራውን፣ ቀዩን ጨርቅ ይዤ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ። በፕላስተር የታሰረ እጁን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ በግራ እጁ በማንኪያ ገንፎ ለመብላት ይታገላል፤ ግማሹ ደረቱ ላይ ነው።

«ተነሺ፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል» አለኝ። «ለፖሊስ ደረጃ ላይ ወደቅሁ ብያለሁ። እንደ ደንቡ ለካሳ ቲያትር ደግሳችሁ አሳዩኝም አልልም፤ ተቀምጬ ማየት አልችልም፣ ወገቤን ያመኛል። የወንድምሽን እጅም አልፈልገውም፤ ምን ላደርገው? ከበሮ አይችልበት!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ያጠፋ ወገን ያጎደለውን ይተካል፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው። ያጎደላችሁብኝ ከበሮ መቺ ነው። ከበሮ መቺ አምጪ።»

«ከየት?»

«ኮቤ አንድ ዓይን ያለው አለ አይደል? የመውጫውን ምት አንድ ዓመት እሱ፣ አንድ ዓመት እኔ ነበርን የምንመታው። ይምጣ። የሚቀመጠው ግን በእናንተ ዓርማ ሥር አይደለም፤ በእኛ ዓርማ ሥር፣ በእኛ ከበሮ ላይ ነው። ያን ካደረገ ለልጄ ጉዳቱ ተተክቷል እለዋለሁ፤ በእናታችን ፊት ስለው እምቢ አይለኝም። ካልመጣ፣ እስከ በዓሉ ቲያንሎክን እይዘዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን አልይዘውም።»

ክር ጠየቅሁዎ፣ ላኩ። ቃል ጠየቅሁዎ፣ ላኩ። ቅባት ጠየቅሁዎ፣ ላኩ። አሁን የምጠይቅዎ ራስዎን ነው። በዓሉ በሦስተኛው ጨረቃ በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው።

ሶግዋት


ቶዋኦ ወደብ፤ ሁለተኛው ጨረቃ፣ 28ኛ ቀን

አጎቴ፣

ፖስታ ቤት በየቀኑ እሄዳለሁ። ምንም የለም። ታመው ከሆነ ሃሩኤ ትጻፍልኝ። ተቆጥተው ከሆነ ቁጣዎን ይጻፉልኝ፤ እሱም ቢሆን ወረቀት ነው።

የቲያንሎክ ሰዎች ከበረዶ ፋብሪካው ልጆች አንዱን በጨለማ ቢንኮክ መስሏቸው ያዙት። ሳይሆን ሲቀር እንኳ ባዶ እጁን አልለቀቁትም፤ ሦስት ጣቱን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሰበሩት። አሁን ማኅበሩ ውስጥ የቀረነው አራት ነን።

ትናንት ለቢንኮክ ምግብ ይዤ ጀልባዋ ላይ ወጣሁ። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ እያየው ነው። «ቢላዋሽን አምጪልኝ» አለኝ። «እኔው ቆርጬ ልስጣቸውና ይለቅ።» በጥፊ መታሁት። ደገምኩት። ከዚያ አቅፌው አለቀስኩ፤ እሱም እንደ ልጅነቱ አፍንጫውን ትከሻዬ ላይ ጠረገ። «ሽማግሌው ሸፍኑት ሲል ሰምቼው ነበር» አለኝ። «እየሰማሁት፣ አውቄ ነው የመታሁት፤ አጎታችን እንዲሰማልኝ ብዬ።»

ይህን ማወቅ ይገባዎታል ብዬ ነው የጻፍኩት። ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?

ሶግዋት


ኮቤ፤ ሦስተኛው ጨረቃ፣ 9ኛ ቀን

ይድረስ ለልጄ ለሶግዋት።

ማዙ እናታችን በዚያ ቤት ያለውን እጅ ሁሉ ትጠብቅ፤ ያንቺንም፣ የቢንኮክንም፤ ያ የተረገመ ሽማግሌ ገንፎውን የሚበላበትንም።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ፊቴ ናቸው። የመጀመሪያው የደረሰኝ ቀን የቤቱን ሳህን ሁሉ ሰበርኩ። በብርሃን አዳራሽ ዓርማ ሥር! እኔ! ሃሩኤ መጥረጊያ አምጥታ «ስብርባሪውን ራስህ ጥረገው» ብላኝ ወጣች። ያልጻፍኩልሽ ስለታመምኩ፣ ስለሞትኩም አይደለም። አልመጣም ብዬ ለመጻፍ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ ቀኝ እጅ የሚለው ቃልሽ ይመጣብኛል። ሃያ ዓመት እጁ ይሰበር ስል ኖርኩ። ተሰበረ። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ደስ ሳይለኝ ቀረ።

ከዚያ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ ምቱን ረስቼው ቢሆንስ? የኑድል መዳመጫዎቹን አንስቼ ሊጥ ማቡኪያው ላይ መታሁ። መጀመሪያው ሄደልኝ። እናታችን ደፉን የምትሻገርበት ቦታ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ። ሦስት ቀን እዚያው ቦታ ቆምኩ። ላብ አጠመቀኝ። በአራተኛው ቀን ስለ ምቱ ማሰቤን ትቼ ስለ ድልድዩ፣ ስለዚያ መዶሻ፣ ስለ ኪምሱዊ ፊት አሰብኩና እጄ በራሱ ተሻገረ። እሱን እየጠላሁ ነው ለካ ሳልረሳው የኖርኩት።

የሁለተኛው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ቢንኮክ ያለውን አነበብኩ። ልጁ መንጠቆውን ያነሳው እኔ እንድሰማ ነው። ሰምቻለሁ በይው። አትሸፍኑ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከሞቀ ቤቴ ቁጭ ብዬ። ከዚህ በላይ በወረቀት አልልም።

መርከቡ ኪሎንግ ወደብ የሚገባው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። የመግቢያ ፈቃዱ ተፈርሟል። ቀዩን ጨርቅ ይዘሽ ወደቡ ላይ ጠብቂኝ። የተቀደደውን ከበሮ በራሴ እጅ ሸፍኜ ብርሃን አዳራሽ ደጃፍ ድረስ እሸከመዋለሁ። ቲያንሎክ ማንቪላውን ይዞ ቢቆም ይቁም፤ በሽማግሌው ፊት እንደማይመታኝ አውቃለሁ፤ ከመታኝም አንድ ዓይን ነው የቀረኝ፣ ብዙ አይደክምም። ቢንኮክ ከጀልባው ይውረድና ከኋላዬ ይሂድ። ቀኝ እጁን ማትረፍ ከፈለገ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ ኪምሱዊ ዘንድ ቁጭ ብሎ ምቱን ይማርበት። ሽማግሌው በአፉ ይንገረው፤ እጁ ቢሰበር ምላሱ ደህና ነው፤ አውቀዋለሁ። የእነሱም ሰው አምስት ስድስት ቢሆን ነው፤ የእኛ አራት። ሰልፉን ለመሙላት ማን ከማን ጋር እንደሚቆም አለቃው አይጠይቅም።

እናታችን ወጥታ፣ ዞራ፣ ቤቷ ከገባች በኋላ እኔና እሱ ገበያ ላይ ተያይዘን ብንወድቅ ማንም እንዳይገላግለን። ያ የራሳችን ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ግን ከመምጣቴ በፊት ለኪምሱዊ ንገሪልኝ። ከበሮው የሚቀመጠው ከመቅደሱ በር በስተቀኝ ነው፤ እናታችንን የሚሸከሙት ሰዎች ደግሞ በግራዬ ነው የሚወጡት። ግራዬ ጨለማ ነው፤ ማን እንዳጨለመው ያውቃል። ደፉን ሲረግጡ አላያቸውም፤ ካላየሁ ደግሞ ምቱን በሰዓቱ አልለውጥም። ስለዚህ ሌላ ሰው አላምንም፤ እሱ ራሱ በግራዬ በኩል ይቀመጥ። እግራቸው ሲነሳ በደህናው እጁ እጅጌዬን ይጎትተኝ። ጠበቅ አድርጎ ይጎትት በይው።

አጎትሽ፣ ሆክጻይ